ባልዲው ሲራመድ፦ አንድ ተረት በአሻንጉሊት መድረክ ላይ

ለልጆች የአሻንጉሊት ቴአትር የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከታሪኩ ነው። የታወቀ ተረት ይመርጣሉ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት ይሰፋል፣ ድምፅ ይመደብለታል፣ ትርኢቱ ይወጣል። ልጆቹም ይወዱታል። ግን «ይሄው ተረት በሰው ተዋናይ ቢሠራ ምን ይጎድለው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለኔ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱን ደግሞ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። ሞስኮ ውስጥ በ1936 በሰርጌይ ኦብራዝትሶቭ የአሻንጉሊት ቴአትር የቀረበው «በፓይኳ ትእዛዝ» ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሥራ የመረጥኩት ዝነኛ ስለሆነ አይደለም። ተረቱና አሻንጉሊቱ እንዴት እንደሚፈላለጉ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳኝ ስላላገኘሁ ነው።

ተረቱ

ዬሜልያ የሚባል ወጣት ነበረ። ሦስተኛ ልጅ ነው፤ ሰዉ ቂል ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ተጋድሞ ይውላል። የሩሲያ የገጠር ምድጃ በጡብ የሚሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱን ያሞቃል፣ ምግብ ይበስልበታል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሰው ይተኛበታል። ታላላቅ ወንድሞቹ ገበያ ሄደው ሳለ ሚስቶቻቸው ዬሜልያን ውኃ ቅዳ ይሉታል። «አልፈልግም» ይላል። ከወንድሞችህ ስጦታ አታገኝም ሲሉት ግን እያጉረመረመ ይነሳል። ክረምት ነው፤ ወንዙ በረዶ ሆኗል። በረዶውን በመጥረቢያ ሰብሮ ባልዲዎቹን ይሞላል። ጉድጓዱ ውስጥ ሲያይ አንዲት ፓይክ ትዋኛለች። ፓይክ አፏ ረጅም፣ ጥርሷ ስል፣ ሌሎች ዓሦችን የምትበላ ዓሣ ናት። በእጁ ይይዛታል። ዓሣዋ ትናገራለች፦ ልቀቀኝ፣ እጠቅምሃለሁ ትለዋለች። ይለቃታል። እሷም «በፓይኳ ትእዛዝ፣ በኔ ፍላጎት» እያልክ የፈለግኸውን ተናገር፣ ይሆንልሃል ትለዋለች።

ከዚያ ባልዲዎቹ በራሳቸው እግር ወደ ቤት ይሄዳሉ። መጥረቢያው ብቻውን እንጨት ይፈልጣል፤ ፍልጡ በሰልፍ ገብቶ ምድጃው ውስጥ ይሆናል። በረዶ ላይ የሚሄደው ጋሪ ያለ ፈረስ ይጋልባል፤ መንገድ ላይ ያገኘውንም ሰው እየገለበጠ ያልፋል። ወሬው ዛሩ፣ ማለትም የሩሲያ ንጉሥ፣ ጆሮ ይደርሳል። ዬሜልያን አምጡ ሲባል ልጁ ከምድጃው ሳይወርድ፣ ምድጃው ራሱ ግድግዳውን ጥሶ ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ይወስደዋል። የዛሩ ልጅ ትወደዋለች። ዛሩ ተቆጥቶ ሁለቱን በርሜል ውስጥ ከትቶ ባሕር ላይ ይጥላቸዋል። እነሱ ግን በዚያው ቃል ይተርፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ይቅርታ የሚለምነው ዛሩ ነው።

አሌክሳንደር አፋናሲዬቭ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሩሲያን ተረቶች ሲሰበስብ ይሄን አስገብቶታል። ግን የሩሲያ ብቻ አይደለም። ጣልያናዊው ስትራፓሮላ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ባዚሌ ደግሞ በአሥራ ሰባተኛው፣ ዓሣ ወይም አስማተኛ ፍጡራን ኃይል የሰጡትን ቂል ልጅ ጽፈውታል። የግሪም ወንድማማቾችም በ1812ቱ የመጀመሪያ እትማቸው የዚህን ዘመድ ተረት አስገብተው ነበር፤ በኋላ አወጡት። ተረቱ ከአገር አገር የተሻገረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አቅም የሌለው፣ ሁሉም የሚያዘው ልጅ አንድ ቀን ዕቃዎቹን ራሱ ማዘዝ ሲጀምር ማየት የትም ያለ ሕፃን የሚመኘው ነገር ነው።

ተረት የተጠረጠረበት ጊዜ

ይሄ ተረት ሞስኮ ውስጥ ለልጆች መድረክ ላይ መውጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1920ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በተረት ላይ ከባድ ክርክር ነበር። አንዳንድ የትምህርት ሰዎች ዛርና ልዕልት፣ አስማትና የሚናገር እንስሳ ያለበት ነገር ሕፃኑ እውነተኛውን ዓለም እንዳያውቅ ያደናግረዋል ይሉ ነበር። በ1928 መጀመሪያ የሌኒን ባለቤትና በትምህርት ሥራ ትልቅ ሥልጣን የነበራት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ፣ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ስለ አዞ የጻፈውን የልጆች ግጥም ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ ክፉኛ ነቀፈችው። ታዋቂው ጸሐፊ ማክሲም ጎርኪ እዚያው ጋዜጣ ላይ ለቹኮቭስኪ ተከራከረለት። ነገሩ በአንድ ቀን አልበረደም። በ1934 በተካሄደው የጸሐፊዎች ጉባኤ የልጆች ገጣሚው ሳሙኤል ማርሻክ ስለ ልጆች ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ንግግር ሲያደርግ ግን አየሩ ተቀይሮ ነበር። ተረት ቀስ በቀስ ወደ ልጆች መጽሐፍና መድረክ እየተመለሰ ነበር።

የኦብራዝትሶቭ ቴአትር የተወለደው በዚህ መሐል ነው፤ በ1931። እሱ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሥዕል ተምሯል፤ በኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ የሙዚቃ ስቱዲዮ ዘፋኝና ተዋናይ ሆኖ ሠርቷል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ አሻንጉሊት እጁ ላይ አጥልቆ ዘፈን እየዘፈነ ሰው ያዝናና ነበር። ልጅ ሳለ እናቱ የሰጠችው ትንሽ የእጅ አሻንጉሊት ነበረችው፤ ፍቅሩ ከዚያ ይጀምራል። አዲሱ ቴአትር የልጆች የኪነ ጥበብ ትምህርትን በሚመራ ማዕከል ሥር ነበር የተቋቋመው። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጋረጃቸውንና አሻንጉሊቶቻቸውን ይዘው እየዞሩ ያሳዩ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቀረቧቸው ሥራዎች የጊዜውን ጉዳይ የያዙ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ጂም ስለሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ልጅና ዶላር ስለሚባል ውሻው ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ አልንቀውም። ግን ጂም ሰው ነው፤ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። ጥሩ ተዋናይ ልጅ ቢገኝ ጂምን ከአሻንጉሊቱ አሳንሶ አይጫወተውም። ዬሜልያ ጋ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚገለበጠው።

ለምን አሻንጉሊት?

ለመድረኩ ተረቱን የጻፈችው ኤሊዛቬታ ታራኮቭስካያ ናት። ጽሑፏ ሁለት ጊዜ ሕይወት አግኝቷል። በ1936 በአሻንጉሊት ወጣ፤ በ1938 ደግሞ አሌክሳንደር ሮው የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራበት። ይሄ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት መንገድ። ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ፊልሙ ውስጥ ዬሜልያ ሥጋ ለባሽ ሰው ነው። ስለዚህ ባልዲው እንዲሄድ የካሜራ ዘዴ ያስፈልጋል። ተመልካቹ ባልዲውን ሲያይ መጀመሪያ ይደነቃል፣ ወዲያው ደግሞ «እንዴት ሠሩት?» ይላል። የሰው ተዋናይ ባለበት መድረክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ባልዲው በክር ሲጎተት ክሩን እንፈልጋለን። ሕያው ሰውና ግዑዝ ዕቃ አጠገብ ለአጠገብ ስለቆሙ ልዩነታቸው ዓይን ውስጥ ይገባል። አስማቱ ማስረዳት የሚፈልግ ነገር ይሆናል።

አሻንጉሊት መድረክ ላይ ይሄ ችግር የለም። ዬሜልያም ጨርቅና ወረቀት ነው፤ ባልዲውም እንደዚያው። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሳቸው ከታች የተደበቀ እጅ ነው። ልጁ ገና መጋረጃው ሲገለጥ አንድ ነገር አምኗል፤ ይሄ ትንሽ ጨርቅ ሰው ነው፣ ይናገራል፣ ይበርደዋል፣ ይናደዳል ብሎ ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ባልዲው ሲነሳ ሌላ እምነት አይጠየቅም። የመጀመሪያው ይበቃዋል። ተረቱ ውስጥ ያለው ዓለም እንዲያ ነው፦ ዓሣውም፣ መጥረቢያውም፣ ምድጃውም፣ ዛሩም እኩል ሕይወት አላቸው። የአሻንጉሊት መድረክ ደግሞ ከተፈጥሮው እንዲያ ነው። ይሄን ተረት ለአሻንጉሊት የተጻፈ የሚያስመስለው ይሄ ነው።

ኦብራዝትሶቭ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተበት ሐሳብም ይሄው ነው። አሻንጉሊት የሰው ተዋናይ የሚችለውን ለመድገም አልተፈጠረም፤ የሰው ተዋናይ የማይችለውን ለማድረግ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለልጆች የሚሠራ ሰው ሁሉ ይሄን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ባልዲ እንዴት ይራመዳል?

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በዚህ ዓይነት ቴአትር አጫዋቾቹ ከቁመታቸው ከፍ ካለ መጋረጃ ጀርባ ይቆማሉ። አሻንጉሊቱን ከራሳቸው በላይ ያነሳሉ። ተመልካቹ የሚያየው ከመጋረጃው ጠርዝ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ መድረኩ ወለል የለውም። ወለሉን የሚፈጥረው የአጫዋቹ እጅ ነው። እጁ ትንሽ ዝቅ ካለ ዬሜልያ መሬት ውስጥ ሰመጠ፤ ከፍ ካለ በአየር ተንሳፈፈ። ክንድ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ወለሉ ነው። ለዚህ ነው አሻንጉሊት ቀላል መሆን ያለበት። ጭንቅላቱ በሙጫ ከተለጣጠፈ ወረቀት የሚሠራው ለዋጋ ብቻ አይደለም፤ ክንድን ለማዳን ነው።

ባልዲው ከታች በአጭር እንጨት ይያዛል። ዝም ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ቢገፋ አይራመድም፤ የሚንሸራተት ዕቃ ይሆናል። እንዲራመድ ከተፈለገ ወዲህ ወዲያ ዘንበል ማለት አለበት፤ አንዴ በቀኝ «እግሩ»፣ አንዴ በግራው። ውኃ የሞላ ባልዲ በዝግታ ይሄዳል፤ ሲቆም ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ይመለሳል። ባዶው ይዘላል። ሁለቱ ባልዲዎች እኩል ከሄዱ ማሽን ይመስላሉ። አንዱ ቀድሞ ሄዶ ዞር ብሎ ሌላውን ከጠበቀው ግን ጓደኛሞች ሆኑ። በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ማን ይቅደም ቢሉ አንድም ቃል ሳይነገር ልጁ ጠባያቸውን ያውቃል። ዓይን የላቸውም፤ አፍ የላቸውም። እንዲያም ሆኖ ያስባሉ።

እዚህ ጋ ነው የአሻንጉሊት ጥበብ ራቁቱን የሚታየው። ፊት የተሳለበት አሻንጉሊት ሥዕሉ ይረዳዋል። ባልዲ ግን የሚረዳው የለም፤ እንቅስቃሴው ብቻ ነው ያለው። ባልዲን ሕያው ማድረግ የቻለ አጫዋች ዬሜልያን አያጣውም።

እጅ ውስጥ የሚገባው አሻንጉሊት

ለዬሜልያ ዓይነት ተረት የሚስማማው የእጅ አሻንጉሊት ነው፤ እንደ ጓንት የሚጠለቀው። አመልካች ጣት አንገት ውስጥ ይገባል፣ አውራ ጣትና መሐል ጣት ሁለቱ ክንዶች ይሆናሉ፣ የእጅ አንጓ ወገብ ይሆናል። ሩሲያ ውስጥ ይሄ አሻንጉሊት ረጅም ታሪክ አለው። ፔትሩሽካ የሚባለው ባለ ትልቅ አፍንጫ ቀልደኛ በየገበያውና በየበዓሉ ሜዳ ለዘመናት ሲጫወት ኖሯል። አጫዋቹ አፉ ውስጥ በሚይዛት ትንሽ ማፏጫ ድምፁን ያቀጥነዋል። ፔትሩሽካ ዱላውን ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይደበድባል።

የእጅ አሻንጉሊት ጎበዝ የሚሆነው በዚህ ነው፦ ይይዛል። በሁለት እጁ ዕቃ ያነሳል፣ ያቅፋል፣ ይጥላል፣ ይመታል። ፈጣን ነው። ከአጫዋቹ ጣት ሌላ መሐል የገባ ነገር ስለሌለ ሐሳብና እንቅስቃሴ አይዘገዩም። ዬሜልያ ፓይኳን በእጁ መያዝ አለበት፤ ዓሣዋ ልታመልጥ መፈራገጥ አለባት። ይሄን የሚችለው የእጅ አሻንጉሊት ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ክንዱ አጭር ነው፤ ክርን የለውም። እጁን ሰፋ አድርጎ ዘርግቶ «ወድጄሻለሁ» ማለት አያምርበትም። ግርማ ያለው ንጉሥ አይወጣውም። ዬሜልያ ተረት ውስጥ ግን ይሄ ጉድለት ራሱ ሥራ ይሠራል። ዛሩ አጭር እጅ ያለው፣ እየተንጠራራ የሚቆጣ ትንሽ ሰው ሲሆን ልጁ አይፈራውም። በርሜሉም ቢሆን በዚህ እጅ ሲሠራ የሚያስጨንቅ ሳይሆን የሚያጓጓ ነው። ተረቱ ውስጥ ያለውን ክፋት ሳይሰርዙ ማለዘብ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ልጆቹ እንዳይፈሩ ብሎ አስፈሪውን ክፍል ይቆርጠዋል፤ ያኔ ታሪኩ አጥንቱን ያጣል። የአሻንጉሊቱን ዓይነት በመምረጥ ብቻ ፍርሃቱን መመጠን ይቻላል።

«ሰነፍ የሚያሸንፍበት ተረት ለልጅ ምን ያስተምራል?» የሚል ወላጅ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ተረቱን የማነበው ሌላ ቦታ ላይ ቆሜ ነው። ዬሜልያ ኃይሉን ያገኘው እጁ የገባውን ስለለቀቀ ነው። በልቶ መጥገብ ሲችል ለቀቃት። መድረክ ላይ ያቺ ቅጽበት ቶሎ ካለፈች ተረቱ የስንፍና ውዳሴ ይሆናል። ዬሜልያ ዓሣዋን ይዞ ዝም ብሎ ከቆመ፣ አንዴ ወደ ቤቱ አንዴ ወደ እሷ ካየ ግን ሌላ ተረት ነው። ልጆቹም «ልቀቃት!» ብለው ለመጮህ ጊዜ ያገኛሉ።

ከአራት ዓመት በኋላ

ቴአትር ቤቱ በ1937 የአሻንጉሊት ሙዚየም አቋቋመ። በ1940 ደግሞ ኒና ጌርኔት ለመድረክ የጻፈችውን የአላዲንን ተረት አወጣ። እዚህ ጋ አሻንጉሊቱ ተቀየረ።

አላዲን የፍቅር ተረት ነው። ልዕልት ቡዱር አለች፣ የሱልጣኑ አደባባይ አለ፣ ሰላምታና ስግደት አለ። የፔትሩሽካ አጭር እጅ ይሄን አይችለውም። ስለዚህ የዘንግ አሻንጉሊት መጣ። ጭንቅላቱ ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ከእያንዳንዱ እጁ አንድ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ ዘንጎቹ ልብሱ ውስጥ ይደበቃሉ። ክንዱ ረጅም ነው፣ ይዘረጋል፣ ደረት ላይ ያርፋል። ሐሳቡ ከጃቫ ደሴት የመጣ ነው። እዚያ ዋያንግ ጎሌክ የሚባሉ የእንጨት አሻንጉሊቶች በእንዲህ ዓይነት ዘንግ ይጫወታሉ። ወደ ሩሲያ መድረክ ያመጡት ኒና ሲሞኖቪች-ዬፊሞቫና ባሏ ቀራፂው ኢቫን ዬፊሞቭ ናቸው። ኦብራዝትሶቭ ከእነሱ ተምሯል።

አላዲን በጣም ተወደደ። አሻንጉሊት ግርማም ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ተረቱ ነው አሻንጉሊቱን የመረጠው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቴአትሩ ከሞስኮ ወጥቶ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለችው ኖቮሲቢርስክ ገባ፤ አጫዋቾቹም ግንባር ድረስ እየሄዱ ለወታደር ተጫወቱ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነገር ግን የሚያሳዝን ነው። በየከተማው ያሉ የአሻንጉሊት ቴአትሮች አላዲንን መቅዳት ጀመሩ። የቀዱት ዘንጉንና የሚያምረውን እጅ ነበር፤ ምክንያቱን አልነበረም። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መድረኩ በጥንቃቄ ሰው በሚመስሉ አሻንጉሊቶች ተሞላ። ሻይ ይጠጣሉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይወያያሉ። የሰው ቴአትር በትንሹ ሆነ። ተቺዎች ይሄን ደጋግመው አነሱት፤ ከዚያ ቆይቶ የመጣው ትውልድም ዕቃን፣ ባዶ እጅንና ጭምብልን እየያዘ ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት ብዙ ደከመ። ኦብራዝትሶቭ ራሱ ጣቱ ላይ ኳስ ብቻ ሰክቶ ሰው ማሳየት የሚችል አርቲስት ነበርና መንገዱ ሩቅ አልነበረም።

ስለዚህ ተረት ሲመረጥ እኔ መጀመሪያ የምቆጥረው በተረቱ ውስጥ ከሰው ሌላ የሚያደርጉትን ነው። ማን ይሄዳል፣ ማን ይናገራል፣ ማን መልኩን ይቀይራል? ባልዲ፣ ዓሣና ምድጃ ካሉ ተረቱ ለአሻንጉሊት ነው። ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚመካከርበት ከሆነ ግን በሰው ቢሠራ ይሻላል፤ የታወቀ ተረት ቢሆንም።

ለትንሽ ቡድንም ዬሜልያ ቅርብ ነው። የባልዲዎቹን ትዕይንት ሦስት ሰው ይወጣዋል። አንዱ ዬሜልያን ይይዛል። አንዱ በሁለት እጁ ሁለቱን ባልዲ ያስኬዳል። ሦስተኛው መንገድ ላይ አይቶ የሚደነግጠው ጎረቤት ነው። ልምምዱን ከንግግሩ ሳይሆን ከባልዲዎቹ ቢጀምሩት ጥሩ ነው፤ ባልዲ ያዡ የእርምጃውን ፍጥነት ሳያገኝ ዬሜልያ መቼ ዞር ብሎ እንደሚያይ፣ ጎረቤቱም የቱ ጋ እንደሚጮህ ማወቅ አይቻልም።